አባ ሳሙኤል በማለዳ፣ መልካ ቁንጡሬ ከቀትር በኋላ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ መልካ ቁንጡሬን፣ በአዋሽ ዳር ያለውን የጥንት ሰው መካነ ቅርስ፣ አይቶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ቅር ብሎት ነው የሚመለሰው። ስሙን ሰምቶ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት እንደመዘገበው አንብቦ ይሄዳል። ሲደርስ የሚያገኘው ሣር ክዳን ያላቸው አራት ክብ ጎጆዎች፣ በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ ድንጋዮች፣ ጥቂት አጥንትና ከበታች የሚወርደው አዋሽ ነው። በአንድ ሰዓት ጨርሶ «ይኸው ነው?» ይላል። ቦታው ግን በአገራችን ካሉት ሁሉ ከበድ ያለ ታሪክ የያዘ ነው። ችግሩ ያለው አመጣጣችን ላይ ነው፤ ውሃ ዳርን ሳያዩ የውሃ ዳር ታሪክ ማንበብ ይከብዳል።

ስለዚህ ይህ ዕቅድ በሙዚየሙ፣ ማለትም በእነዚያ ጎጆዎች፣ አይጀምርም። መጀመሪያ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ወዳለው የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ በማለዳ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ መልካ ቁንጡሬ ያልፋል። ሁለቱም በአንድ ቀን ይታያሉ፣ ሰዓቱ ከተከበረ።

መጀመሪያ ወቅቱን እንምረጥ። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ነው። በሁለት ምክንያት። አንደኛው ወፎቹ ናቸው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ክሬኖችና ጭቃ የሚወጉ ትናንሽ ወፎች በእነዚህ ወራት እዚህ ናቸው። ሁለተኛው አፈሩ ነው። ከአቃቂ በታች ያለው ሜዳ መረሬ ነው። መረሬ ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለጠልጣል፤ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ የጭቃ መከላከያውን ይሞላና መንኮራኩሩን ያስቆማል። ባለ አራት ጎማ ጉተት መኪናም ቢሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከጥርጊያው ወጣ ካለ ይቀራል፤ ጎታች ትራክተር እስኪገኝ ግማሽ ቀን ይሄዳል። መስከረም በአደይ አበባ ቢያምርም መሬቱ ገና ስላልጠጠረ ለአነስተኛ መኪና አይሆንም። ከመጋቢት በኋላ ደግሞ እንግዶቹ ወፎች መመለስ ይጀምራሉ፣ ውሃውም ይሸሻል፣ ጠረኑም ይበረታል።

ቀኑ ቅዳሜ ቢሆን ይመረጣል። እሑድ ማለዳ መንገዱ ነጻ ነው፤ ግን ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማ የሚመለሰው መኪና ዓለም ገና ላይ ይጨናነቃል። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ሁለት ስልክ መደወል ያስፈልጋል፦ አንዱ የመንገዱን ሰላም ለሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ በቡታጅራ መስመር ለሚሠራ ሹፌር፤ ሌላው ለሙዚየሙ፣ ክፍት መሆኑንና አስጎብኚው መኖሩን ለማረጋገጥ። ይህን ሁለተኛውን ስልክ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ወይም ስብሰባ ሄዶ በር ላይ መቆም የዚህ ጉዞ የተለመደ ብልሽት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይባል እንጂ ሰው ሠራሽ ነው። በአቃቂ ወንዝ ላይ የተገደበ ሲሆን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተተከለው እዚሁ ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። ዛሬ ባሉን ግድቦች ሚዛን ኢምንት ይመስላል፤ በዘመኑ ግን አዲስ አበባን ያበራ ነበር። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦ ጋራ ጀምረው ከተማዋን አቋርጠው ሲወርዱ አፈሯንም ቆሻሻዋንም ይዘው ይመጣሉ። ደለሉ ግድቡን እየሞላ ማመንጫውን ለብዙ ዓመታት ሥራ አስፈታው፤ የታደሰው ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ያው ደለል ግን ዳርቻውን ጥልቀት የሌለው ጭቃማ ሜዳ አደረገው። ጉልበት የማይሞላ ውሃ፣ ከሥሩ ትል የሞላበት ለስላሳ ጭቃ፣ ዙሪያውን የጤፍና የሽምብራ ማሳ፦ ለውሃ ወፍ ከዚህ የተሻለ ማዕድ የለም። መሐንዲሱን ያስለቀሰው ነገር ለወፎቹ ገበታ ሆነላቸው።

እዚያ መድረስ ያለባችሁ ፀሐይ ከመውጣቷ ጋር፣ ቢዘገይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ምክንያቱ ክሬኖቹ ናቸው። እነዚህ ረጃጅም ግራጫ ወፎች ሌሊቱን የሚያሳልፉት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው፤ ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ውሃው ድምፅ ይሰጣቸዋልና። ጎህ ሲቀድ በቡድን በቡድን እየተነሱ ወደ ታጨዱት ማሳዎች ቃርሚያ ለመልቀም ይበተናሉ። 2 ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ባዶ ውሃ ያያል። ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማል፣ እንደ መለከት ነው፤ ሲሰማችሁ ሽቅብ ተመልከቱ፣ አንገታቸውን ዘርግተው ተሰልፈው ነው የሚበሩት።

የምትቆሙበት ወገንም ወሳኝ ነው። ማለዳ ከምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ከአቃቂ ወገን ሁኑ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆንና የወፉ ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያው ቦታ ከሰዓት በኋላ ብትመጡ ሁሉም ነገር ጥቁር ጥላ ነው፤ የዳክዬውን ዓይነት ከዓይነት መለየት አይቻልም። የሩቅ ማያ መነጽሩ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ) ቢሆን ይበቃል። 10 በ42 የበለጠ ያቀርባል ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ለጀማሪና ለልጆች 8ቱ ይሻላል። ለአራት ሰው ሁለት መነጽር ከበቂ በላይ ነው።

ምን ይታያል? ከእንግዶቹ መካከል ምንቃሩ እንደ ማንኪያ የሰፋው ዳክዬና ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለው ዳክዬ በብዛት አሉ። ፔሊካኖች ተሰልፈው ይዋኛሉ፤ ፍላሚንጎ አንዳንዴ ይኖራል፣ አንዳንዴ አይኖርም፣ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ አትሂዱ። ከአገሬው ወፎች ጉሮሮው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት አይቢስ አለ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይኖርም። አዲስ አበባ ውስጥ ማለዳ በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈው እሱው ነው፣ ስሙን ሳናውቅ አብረነው የምንኖረው። ሰማያዊ ክንፍ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ ግን ከዚህ ይልቅ ከፍታና ብርድ ይወዳል፤ እሱን ለማየት ገፈርሳ ወይም የሱሉልታ ሜዳ የተሻለ ዕድል ይሰጣል፣ ለሌላ ቀን ያዙት።

እዚህ ላይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ አንድ ነገር አሳዩአቸው። ውሃው ከሸሸበት ጭቃ ላይ የወፍ ኮቴ፣ የከብት ኮቴ፣ የእረኛ ልጅ ባዶ እግር ጎን ለጎን ታትመው ይገኛሉ። ፎቶ አንሱት። ከሰዓት በኋላ ይህ ፎቶ ያስፈልጋችኋል።

ከውሃው ጋር መጠንቀቅ ያለባችሁ ብዙ ነው፤ ይህንን በቀላሉ አናልፈውም። የአቃቂ ወንዞች የመኖሪያ ቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተሸካሚ ናቸው። ውሃውን አትንኩ፣ ልጆች እንዳይጫወቱበት፣ ከሜዳ የተቀጠፈ ጎመን ወይም ሰላጣ ገዝታችሁ በጥሬው አትብሉ። 5 ሊትር ንጹሕ ውሃና ሳሙና መኪናው ውስጥ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ይቀመጥ፤ የሚጠጣው ለብቻው፣ ለአንድ ሰው 2 ሊትር። ጫማው ቦት ቢሆን ጥሩ፤ ካልሆነ የሚቀየር ጫማና የቆሸሸውን የሚይዝ ፌስታል ያዙ። ጭቃው ራሱ ያታልላል፦ ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ጠንካራ ይመስላል፣ ሥሩ ግን እስከ ጉልበት የሚያሰምጥ ደለል ነው። የእምቦጭ ምንጣፍ ደግሞ አረንጓዴ መስክ መስሎ ውሃ ይሸፍናል። ሕጉ አጭር ነው፤ ከብት ከሄደበት መስመር አትውጡ። ላም የረገጠችው ሰው ይሸከማል።

ዳርቻው የገበሬ ማሳና የግጦሽ መሬት ነው። እረኛ ወይም ባለ ማሳ ስታገኙ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ «አካም ቡልተን» ማለት በሩን ሁሉ ይከፍታል፤ ለምን እንደመጣችሁ ንገሯቸው። መነጽሩን አውሱአቸው። የትኛው መንገድ እንደሚያሰምጥና ክሬኖቹ ትናንት የት እንዳደሩ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መንገድ የመራችሁን ሰው በአግባቡ ክፈሉት፤ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ግድቡንና የማመንጫውን ሕንጻ ፎቶ አታንሱ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቆማችሁ ባለቤቱን ጥሩ።

3 ሰዓት ተኩል ላይ ረግረጉን ልቀቁ። ፀሐይዋ ስትበረታ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት በመነጽር ሲታይ ሁሉን ያንቀጠቅጣል፤ ከዚያ በኋላ መቆየት ድካም ብቻ ነው።

ወደ መልካ ቁንጡሬ ለመሻገር በካርታ ላይ አጭር የሚመስለውን የገጠር መንገድ አትሞክሩ። ተመልሳችሁ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያ በለቡና በጀሞ አድርጋችሁ ወደ ዓለም ገና። ዓለም ገና ላይ የጅማውን መንገድ ትታችሁ ወደ ግራ ወደ ቡታጅራ ታጠፉ። ከመሐል አዲስ አበባ እስከ መልካ ቁንጡሬ በዚህ መስመር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልት ነው፤ የሚያዘገየው ከጀሞ እስከ ዓለም ገና ያለው የጭነት መኪና ሰልፍ ነው፣ ለእሱ ብቻ አንድ ሰዓት መድቡ። ነዳጅ ከተማ ውስጥ ሙሉ። መኪና የሌላችሁ ወደ ቡታጅራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ አዋሽ ድልድይ አካባቢ መውረድ ትችላላችሁ፤ ግን ማለዳ አባ ሳሙኤልን ከዚሁ ጋር ማጣመሩ አይሳካምና ሁለቱን በሁለት ቀን ክፈሉት። ለመመለሻውም ከ10 ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የሚያልፈው ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

ምሳ ከሙዚየሙ በፊት ይሁን። ጾም በሆነ ቀን የመንገድ ዳር ቤቶች ሽሮና ተጋቢኖ አያጡም፣ ግን እስኪሠራ ያቆያል። ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ ይዞ መሄድ አንድ ሰዓት ያተርፋል።

«መልካ» በኦሮምኛ ወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ሰውም ከብትም አውሬም ውሃው በሚሳሳበት የሚገናኝበት ቦታ ነው። ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጌሪት ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቆፈረ፤ በኋላም የጣሊያን ቡድን ተረከበ። ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ መሆኑ ለተመራማሪዎቹ ትልቅ ነገር ነው። በስምጥ ሸለቆው ቆላ የምናውቀው የጥንት ሰው እዚህ ብርድ ላይ ወጥቶ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጋርባ 4 በተባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ የዚህ ምስክር ነው። በ2023 የታተመው ጥናት ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት ሰው ዝርያ መሆኑንና ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አሳይቷል።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፣ መልሱም እዚያው ገደሉ ላይ አለ። አካባቢው እሳተ ገሞራ በየዘመኑ አመድ ያራገፈበት ነው። ወንዙ አሸዋና ጠጠር ያነጥፋል፣ አመድ ይሸፍነዋል፣ ወንዙ እንደገና ያነጥፋል። አመዱ ውስጥ ያለውን የአርጎን ጋዝ ለክቶ የወደቀበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል፤ በሁለት የአመድ ንብርብር መሐል የተገኘ ድንጋይ ወይም አጥንት ዕድሜው በመካከላቸው ነው። የወንዙን ገደል ስታዩ ነጣ ያሉትን መስመሮች ፈልጉ። አስጎብኚውን «የትኛው ነው ጤፍ የሚባለው የአመድ ድንጋይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይስቃል፣ ግን ያሳያችኋል፤ ጂኦሎጂስቶች የአመድ ድንጋይን «ተፍ» ይሉታልና ስሙ ከእህላችን ጋር ይመሳሰላል።

ጎጆዎቹን በችኮላ አትዙሩ፤ ግን ሁሉን መለያ ጽሑፍ ለማንበብም አትድከሙ። ሁለት ነገር ላይ ቆዩ። አንደኛው የእጅ መጥረቢያዎቹ ናቸው፣ እንደ እንባ ጠብታ የተቀረጹት ባለ ሁለት ስለት ድንጋዮች። ሲምቢሮ 3 በተባለው ቦታ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ንብርብር ውስጥ 578 ተገኝተዋል፤ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ከባልጩት የተሠሩ ናቸው። ባልጩት እንደ ብርጭቆ የሚሰበር ድንጋይ ነው፤ ጣትን ሳይቆርጥ መጥረቢያ ማውጣት የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ጎርፍ ያመጣላቸውን የባልጩት ድንጋይ መርጠው፣ አንድ ቦታ ተቀምጠው፣ አንድ ዓይነት ቅርጽ ደጋግመው አወጡ። ዎርክሾፕ ነበራቸው ማለት ነው፣ የእኛ ዝርያ ገና ሳይኖር።

ሁለተኛው ጎምቦሬ 2 ነው። ይህ ከጎጆዎቹ ወጥታችሁ በእግር የምትደርሱበት፣ የተቆፈረው መሬት እንዳለ ጥላ ተሠርቶለት የሚታይበት ቦታ ነው። የማለዳውን ፎቶ የምታወጡት እዚህ ነው። በዚህ በጎምቦሬ 2 ከ700 ሺህ ዓመት በፊት አንድ ትንሽ ኩሬ ነበረች። በዳርቻዋ ጭቃ ላይ የአዋቂዎች፣ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናት ጭምር፣ የጉማሬና የወፎችም ዱካ ታትሞ ተገኝቷል፤ አመድ ሸፍኖ አቆየው። አዋቂዎቹ ጉማሬ ሲበልቱ፣ ድንጋይ ሲጠርቡ ሕፃናቱ እዚያው እግራቸው ሥር ነበሩ። ዱካዎቹ በዓይን ተለይተው ላይታዩአችሁ ይችላሉ። ማለዳ የእረኛውን ልጅ እግር ከወፍ ኮቴ አጠገብ ያየ ልጅ ግን ይህንን ሲሰማ ማንም ማስረዳት የለበትም፤ ገብቶታል። አባ ሳሙኤልን ያስቀደምነው ለዚህች ቅጽበት ነው።

ለጎጆዎቹ 45 ደቂቃ፣ ለጎምቦሬ 2 ሌላ 45፣ ወንዙ ዳር ለመቀመጥ ግማሽ ሰዓት መድቡ። ከ7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ይበቃል። ፀሐይዋ በዚህ ከፍታ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ጥላ ጥቂት ነው፤ ባርኔጣ ከመነጽር እኩል ያስፈልጋል። ወደ አዋሽ ገደል ጠርዝ አትጠጉ፤ ጠርዙ የተያያዘው በአሸዋና በአመድ ነው፣ በሰው ክብደት ይናዳል።

«እዚህ ከመጣን አይቀር» ብሎ አዳዲ ማርያምንና ጥያን መጨመር የሚያምር ሐሳብ ነው፣ አታድርጉት። ከአንድ ዐለት የተፈለፈለችው አዳዲ ከዋናው መንገድ ወጣ ብላ ናት፤ ጥያ ደግሞ ገና ወደፊት ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጥያ 36 ትክል ድንጋዮች፣ ከእነሱም 32ቱ የተቀረጹባቸው፣ የራሳቸው ቀን ይገባቸዋል። ሁለቱን አጣምራችሁ በሌላ ቅዳሜ ሂዱ፤ አዳዲ ላይ ጫማ ማውለቅ፣ ነጠላ መልበስ እንዳይረሳ፣ ወር በገባ በ21 ደግሞ ሕዝቡ ብዙ ነው።

የምጨምርላችሁ ካለ ባልጪት ናት፣ ከመልካ ቁንጡሬ 7 ኪሎ ሜትር ያህል። ከመልካ ቁንጡሬ ጋር አብራ ተመዝግባለች። ዕድሜው ከ4 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ የባልጩት ኮረብታ ነው። መሬቱ በጥቁር ስብርባሪ ተሸፍኖ ያብረቀርቃል፤ ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ መፋቂያቸውን ከዚሁ ይጠርቡ ነበር። ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ይኑራችሁ፣ መኪናውንም ስብርባሪው ላይ አታስገቡ፤ የባልጩት ስለት የጎማ ጎን ይሰነጥቃል፣ የጎን ስንጥቅ ደግሞ አይለጠፍም። ሌላው፣ አንዲት ፍንጣሪም ቢሆን በኪሳችሁ አትያዙ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ማንሳት ወንጀል ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ድንጋዩ ትርጉሙን የሚያገኘው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ልጆች ከመኪና ከመውረዳቸው በፊት ይነገራቸው፣ ሲመለሱም ኪሳቸው ይታይ፤ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ትቶ መሄድ ለልጅ ይከብዳል።

ባልጪትን ከጨመራችሁ ከ10 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ተነሱ፣ ካልሆነ ከ9 ሰዓት ተኩል። ዓለም ገና ከመምሸቱ በፊት መታለፍ አለበት። ቤት ስትደርሱ ጫማዎቹን ወደ ውስጥ ሳታስገቡ ውጭ እጠቧቸው፤ የአቃቂ ጭቃ ደርቆ ምንጣፍ ላይ ከተፈረፈረ በኋላ ማጽዳቱ ይከብዳል።